ቢላ ያልነካው ጆንያ

አንድ ተራ የሥራ ቀን እሷን ምን ያስከፍላታል? መጀመሪያ የአመልካች ጣቷን ቆዳ ያስከፍላታል፤ ሲባጎው በጣቷ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ እንደ ሞረድ ይልጠዋል፣ ማታ ላይ ጨው የነካት እንደሆነ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ወገቧን ያስከፍላታል፤ ቀኑን ሙሉ ቁመቱ እስከ ደረቷ የሚደርስ ጆንያ ላይ አጎንብሳ ስለምትውል ቀና ስትል እንደ አሮጌ በር ሲጥ ትላለች። ድምጿን ያስከፍላታል፤ ከመኪና ሞተር ጋር እየተጯጯኸች፣ የእህል ብናኝ እየዋጠች ትውልና ለልጇ የመኝታ ዘፈን ልታወጣ ስትል ልጅቷ ራሷ "እማ፣ ዛሬ ተዪው፣ እኔ ልዝፈንልሽ" ትላታለች። ጥርሷንም ያስከፍላታል። ከላይኛው የፊት ጥርሷ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ጎድጓዳ አለች፣ ለሲባጎ ውፍረት ልክ የሆነች። ማንም ሐኪም አልሞረደላትም፤ ዓመት ሙሉ፣ ከዓመት ዓመት፣ ክር እየነከሰች ስትቆርጥ ራሱ ሥራው የሞረደላት ናት።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። "ይቺ ጥርስሽ መቀስ ብትሆን ኖሮ እኔ ጋ ትቀጠር ነበር" ይላታል።

ይህን ሁሉ ከፍላ ቤቷ ስትገባ ተርፎ የሚመጣው ልጇን የምታቅፍበት ክንድና የምትስቅበት አፍ ነው። "እነዚህ ሁለቱ ካሉ ሌላው ይደረስበታል" ባይ ናት።

ሥራዋ የጆንያ አፍ መዝጋት ነው። ገበሬው አምርቶ፣ ነጋዴው ሰብስቦ፣ እህሉ ትልቁ መጋዘን ይገባል፤ እዚያ ይበጠራል፣ ይመዘናል፣ በጆንያ ይሞላል። የሞላውን ጆንያ ደግሞ ማጭድ በሚመስል ጎባጣ መርፌ አፉን የምትሰፋው እሷ ናት። አንድ ወቅት የስፌት ማሽን መጥቶ ነበር። ብናኙ ጉሮሮውን ሲዘጋው ሳል እንደያዘው ሰው ተንፈራፍሮ ቆመ፤ አሁን ተሸካሚዎቹ ኮታቸውን ይሰቅሉበታል።

ስፌቷ ሰንሰለት ስፌት ነው። ሰንሰለት ስፌት አንድ ጠባይ አለው፤ ከተጀመረበት በኩል ብትጎትቱት ንቅንቅ አይልም፣ ከተጨረሰበት በኩል ጭራውን ስትስቡት ግን ከዳር እስከ ዳር ትርርር ብሎ እንደ ሹራብ ይተረተራል። ስለዚህ ጭራውን የምትጨርሰው በሁለት መንገድ ነው። ጆንያው እዚያው መጋዘን ውስጥ የሚቆይ ከሆነ ጭራውን ረዘም አድርጋ ትተወዋለች፤ የፈለገ ሰው ስቦ ይከፍተዋል። መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ ግን ጭራውን በመጨረሻው ቀለበት ታዞረዋለች፣ ታሾልከዋለች፣ ጥብቅ አድርጋ ቋጥራ ከሥሩ በጥርሷ ትቆርጠዋለች። ከዚያ በኋላ ያ ጆንያ መንገዱ ኮረኮንች ቢሆን፣ ሰው ቢቆምበት፣ ዝናብ ቢወርድበት አይፈታም። "የመንገድ ቋጠሮ" ይሉታል።

ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። አንዴ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ተገልብጦ ጆንያው ሁሉ ቁልቁል ተንከባለለ። የሌላው ሰው ስፌት እየፈነዳ ስንዴው ለወፍ ሲሳይ ሆነ። የእሷ ጆንያዎች ግን ወንዝ ዳር ድረስ ወርደው አንዲት ፍሬ ሳይተፉ ተገኙ። ሹፌሩ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጋዘን ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው "የማን ቋጠሮ ነው?" ብሎ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እመት ቋጠሮ ተባለች። ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም ኩራቷ ነው።

በመጋዘኑ ሌላም ልማድ አለ። ጆንያ በቢላ አይነካም። ቢላ የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህል ሲነቅዝ ወይም ሲሻግት። "ይደፋ" የተባለ እህል ክሩን ለመፍታት የሚደክምለት ሰው የለም፤ ሆዱን በቢላ ዘርጥጠው ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጡታል። ስለዚህ እዚያ ቤት ቢላ ሲወጣ ሁሉም ፊቱን ያዞራል።

በክፉዎቹ ዓመታት ቢላው ብዙ ጊዜ ወጣ። መጀመሪያ ዝናቡ ቀረ። በዓመቱ ደግሞ ለእርሻው ሲጠበቅ ቀርቶ ለአጨዳው መጣ፤ ስንዴው እርጥብ እንዳለ ገባ፣ በጆንያ ውስጥ ሻገተ። በእጇ የዘጋቻቸው ጆንያዎች፣ እሷ እያየች፣ ተራ በተራ ሆዳቸው ተቀደደ። ከዚያ በኋላ የሚቀደድም ጠፋ። መጋዘኑ ባዶ ሆነ፤ ሰው ሲያስል ግድግዳው መልሶ ያስል ነበር። ጣራው ሥር የሚንጫጩት ድንቢጦች እንኳ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሰውም እንደዚያው ተበተነ፤ የቀሩት እሷና ጋሼ ሚዛን ነበሩ። ጋሼ ሚዛን የመጋዘኑ መዛኝ ናቸው፤ የሚመዝኑት ሲያጡ ሚዛኑን በየጠዋቱ ይወለውሉት ነበር።

አንድ ቀን ባዶ ጆንያ እያጠፈች ቁልሉ ላይ ቁጭ አለችና ጸለየች። ጸሎት የማሳመር ልማድ የላትም፤ ከጎረቤት ጋር እንደምታወራው ነው ከፈጣሪዋም ጋር የምታወራው። "ጌታዬ፣ እነዚህን ብቻ ሙላልኝ። ለኔ ብቻ አላልኩም፣ ለአገሩ ሁሉ። አፋቸውን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ምስጋናዬንም በዚሁ እጄ አቀርብልሃለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።" ብላ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች።

ዘንድሮ ሞላ።

ሞላ ሲባል እንዲያው በዋዛ አይደለም። መጋዘኑ ጢም ብሎ ጆንያው በረንዳ ላይ ተደረደረ፣ በረንዳው ሲሞላ ግቢ ወጣ። የተበተኑት ተሸካሚዎች ተጠርተው ተመለሱ፤ ድንቢጦቹም ሳይጠሩ ተመለሱ። እሷ ማታ ማታ ጣቷን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እየነከረች ታቃስታለች፣ እያቃሰተች ትስቃለች። አማቷ "ይቺ ልጅ ለየላት" ይላሉ።

በዚሁ መሀል ነው አዋጁ በሬዲዮ የተነገረው። አገር ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሥራውን አቁሞ ስለ መከሩ ፈጣሪውን ያመሰግናል። በዋናው ሜዳ በሕዝብ ፊት ከዘንድሮው ስንዴ አንድ ጆንያ ይከፈታል። ከገበሬዎች መካከል የተመረጡ አንድ አዛውንት ክሩን ይስባሉ፤ እህሉ መፍሰስ ሲጀምር ሜዳው ላይ ያለው፣ በየቤቱና በየሥራ ቦታው ሬዲዮ የከፈተው ሁሉ በአንድ አፍ "ተመስገን" ይላል። ጆንያው የሚሄደው ደግሞ ከእነሱ መጋዘን ነው።

ጋሼ ሚዛን ጠሯት። "አንቺ ነሽ የምትሰፊው" አሏት። ወዲያው ሚዛናቸውን ሊወለውሉ ዞሩ።

ማታ ለቤተሰቧ ስትነግር ቤቱ ተተራመሰ። አማቷ ሽንኩርት እየላጡ ነበር፣ ቢላቸውን አስቀመጡ።

"አገር ሙሉ የሚያየው ጆንያ? እንግዲህ ስፌቱ ጠማማ ቢሆን የኛም ስም አብሮ ሊጣመም ነው!"

"እማዬ፣ አንቺ ደግሞ" አለ ባሏ።

"ምን አልኩ? ያንተን ሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የምትተክለው በስንት ልመና ነው!"

"በሲባጎ ልትከልለት እማማ?" አለች እሷ።

"ትከይለት! ቢያንስ አይበጠስም።"

ተሳሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እማማ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ የለመንኩትን ነግሬዎት የለ? ያ ምስጋናዬ ይሄ ነው። በእጄ ብዬው ነበር፣ በእጄ መጣ" አለች።

 አማቷ ሽንኩርቱን መልሰው አነሱ። "አውቃለሁ" አሉ። "ያን ሰሞን 'ጠግቤያለሁ' እያልሽ ድርሻሽን ወደ ልጅሽ ስትገፊ ያየሁሽ እኔ ነኝ። ስፊው ልጄ። አሳምረሽ ስፊው።" ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ "ሽንኩርቱ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን መጋዘኑ ሁሉ ዙሪያዋን ከቦ ቆመ። ጆንያውን ራሷ መረጠችው፤ ሽፋኑ አዲስ፣ ሸካራ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ስንዴውን በእጇ እየዘገነች ሞላችው፣ አንዲት ጠጠር አገኘችና በጥላቻ አሽቀነጠረቻት። ጋሼ ሚዛን ከኋላዋ ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ይቁነጠነጣሉ።

"ይሄኛው ለመንገድ አይደለም፣ ሰማሽ? ጭራውን ርዝም አርገሽ ተዪው። ሽማግሌ ናቸው የሚስቡት፣ በአንድ እጅ እንዲከፈትላቸው።"

"ጋሼ፣ እኔን ነው የሚያስተምሩኝ?"

"ማስታወሴ ነው እንጂ!"

ሰፋች። እንደዚያ ቀን አሳምራ ሰፍታ አታውቅም። ቀለበቶቹ አንድ ዓይነት፣ እኩል፣ የተመዘኑ ይመስላሉ። ቀልደኛው ተሸካሚ "እመት ቋጠሮ፣ ለሙሽራ ነው ወይስ ለጆንያ?" ሲላት ቀና ሳትል "ለሙሽራ ቢሆን መጀመሪያ የምሰፋው ያንተን አፍ ነበር" አለችው። ሳቅ ሆነ።

ያኔ ነው ሹፌሩ ጥሩምባውን የነፋው። ሞተሩን አስነስቶ በመስኮት ወጥቶ ይጮኻል። "ኧረ በናታችሁ! ለበዓሉ መንገዱን ሊዘጉት ነው! ጫኑ! ጫኑ!"

ጋሼ ሚዛን "አንተ ደግሞ ምን ያስቸኩልሃል!" ብለው ወደ እሱ ዞሩ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሷ የመጨረሻው ቀለበት ላይ ነበረች። "ጫኑ" የሚለውን ድምፅ በየቀኑ፣ ሥራ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ስትሰማው ኖራለች፤ ሲሰማ እጇ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዞረች፣ አሾለከች፣ ጠበቅ አደረገች፣ ነከሰች። እንደ ወትሮዋም የጆንያውን ሆድ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ "በል፣ በሰላም ግባ" አለችው። ተሸካሚዎቹ አነሱት። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወጣ። እሷም ምስጋናዋን የላከች መስሏት ልቧ ሞልቶ፣ ከመኪናው ኋላ እጇን እያውለበለበች ቀረች።

የበዓሉ ቀን ከተማዋ ታጥባ የተሰጣች ትመስል ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የአውቶቡስ ሾፌሮች መስታወታቸው ላይ የስንዴ ዘለላ ሰክተዋል። ሜዳው ገና በጠዋቱ ሞላ፤ ጋጋሪዎች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነርሶች፣ የመንገድ ጠራጊዎች፣ አናጺዎች፣ ሁሉም ከየሥራ ባልደረባው ጋር ተሰባስቦ ቆሟል። የመጋዘኑ ሰዎች ከመድረኩ ብዙም ሳይርቁ፣ ገመድ ከተዘረጋበት ዘንድ ቦታ አገኙ። ባሏ ልጃቸውን ትከሻው ላይ አስቀምጧታል። አማቷ ከቤት ተሸክመው ባመጧት ዱካ ላይ ተቀምጠው "ከዚህ አላይም፣ ያ ረጅም ሰውዬ ኮፍያውን ያውልቅ" እያሉ ያስቸግራሉ።

ጆንያው መድረኩ መሀል ቆሟል። እሷ ከገመዱ ወዲህ ሆና አየችው፤ ቀጥ ያለ፣ ሆዱ የሞላ፣ የሚያምር። "ያውልሽ" አለቻት ለልጇ፣ "ያንን እማ ናት የሰፋችው።"

አንድ የሃይማኖት አባት ተነስተው ጸሎት ጀመሩ። ንግግራቸው ረጅም አልነበረም። "ዘር ይዘን ወጣን፣ አንተ ዝናቡን ሰጠኸን። ዝናቡን በጊዜው ሰጠኸን፣ ፀሐዩንም በጊዜው። ትናንት የተራብን ነን፣ ዛሬ የጠገብን ነን፤ ሁለቱንም ስንሆን አምላካችን አንተ ነህ።" ሰዉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ልጅቷ ከትከሻ ወርዳ እናቷ ሥር ቆመች። ከቀሚሷ ጠርዝ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። እናት ናትና እጇ ዝም አይልም፤ አጎነበሰች፣ ክሩን በጥርሷ ጎድጓዳ ውስጥ አስገብታ ቅጭ አደረገችው።

እዚያው አጎንብሳ ቀረች።

ክሩ ጣዕም የለውም። ሲባጎ ግን ጣዕም አለው፤ ደረቅ ሣርና ዘይት ዘይት ይላል፣ አፍ ውስጥ ይቆያል። ትናንት የሰፋችው ያንን አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ ማታ እራት ላይ ግን ያ ጣዕም ምላሷ ላይ ነበር። ሲባጎ አፏ የሚገባው ደግሞ ጭራ ስትቆርጥ ነው። ጭራ የምትቆርጠው ስትቋጥር ብቻ ነው።

ክው አለች። 

"ቋጥሬዋለሁ" አለች።

"ምኑን?" አለ ባሏ።

"ጆንያውን! የመንገድ ቋጠሮ ነው የቋጠርኩት! ነክሼዋለሁ! አይፈታም!"

"የትኛውን ጆንያ?"

"ስንት ጆንያ ነው ያለው? ያንን ነዋ!"

አማቷ ከዱካቸው ላይ ዞሩ። "ምን ሆናለች?"

"እማማ፣ አይከፈትም። ሽማግሌው ቢስቡት አይከፈትም።"

"እና ቆመሽ ምን ታወሪኛለሽ?" አሉ አማቷ። "ሂጂያ!"

ገመዱ ዘንድ ስትደርስ አንድ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ጎልማሳ አስተናጋጅ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። "እህቴ፣ ወደ ኋላ። ባጅ አለሽ?"

"ባጅ የለኝም፣ ጥርስ ነው ያለኝ!"

"ምን?"

"ወንድሜ፣ በሞቴ፣ አሳልፈኝ። ጆንያው ታስሯል።"

"ጆንያ መታሰሩ ምን ይገርማል? ሁሉም ጆንያ ይታሰራል።" ሰውየው ትክክል ነበር።

በዚህ መሀል ጸሎቱ አለቀ። አዛውንቱ ገበሬ ተነስተው ወደ ጆንያው ሄዱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው እንደ እርሻ ዕቃ የጠነከረ ሰው ናቸው። ጭራውን ፈለጉ። ጭራ የለም። ጥፍር የምታህል ጉቶ አገኙና በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳቡ። ምንም። ጠበቅ አድርገው ሳቡ። ጆንያው ራሱ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ እንጂ አፉ አልተነቃነቀም። የድምፅ ማጉያው ትንፋሻቸውን በሜዳው ሁሉ ያሰማል። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፍሮ ዝም አለ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ በአገሩ ሁሉ ሬዲዮ አጠገብ አፉን ለ"ተመስገን" አዘጋጅቶ የቆመው ሕዝብም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ጸጥ አለ።

እሷን ያኔ ምድር ጠበባት። ታስሮ የቀረው እህል ብቻ አልመሰላትም። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የለመነችው፣ "በዚሁ እጄ" ብላ ቃል የገባችበት ምስጋና ራሱ በገዛ እጇ ታስሮ፣ አገር ሁሉ ፊት ቆሟል።

የበዓሉ መሪ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ አስተናጋጆቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። "ቢላ አምጡ።"

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ወረደ፤ ቢላ፣ ቢላ፣ ቢላ። ከመድረኩ ጀርባ አንዱ ሲሮጥ ታየ።

"ቢላ አይነካውም!"

ያ ከመኪና ሞተር ጋር ሲጯጯኽ የኖረው ድምጿ ነበር። ለመኝታ ዘፈን አልሆን ያለው ድምፅ ለዚህ ሆነ። የሰው ሁሉ አንገት ዞረ። ከኋላዋ የመጋዘኑ ሰዎች ገባቸው፤ ቢላ ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በቀር ማን ያውቃል? ቀልደኛው ተሸካሚ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ቢላ የለም!" ሲል ሌሎቹ ተቀበሉት። "ቢላ የለም! ቢላ የለም!" ጋሼ ሚዛን በሕዝቡ መሀል እየተጋፉ "ልቀቃት አንተ ሰው! የሰፋችው እሷ ናት! የምትፈታውም እሷ ናት!" ይላሉ።

አስተናጋጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ መድረኩን አየ። ከዚያ ገመዱን በራሱ እጅ ከፍ አደረገላት። "ነይ እለፊ። ሮጥ በይ።"

መድረኩ ላይ ስትወጣ ቢላውና እሷ እኩል ደረሱ። ለአዛውንቱ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ለእርስዎ ልተወው የሚገባኝን ጭራ በልማዴ ቋጠርኩት" አለች።

አዛውንቱ በረጅሙ ተነፈሱ። "አንቺ ነሽ? እኔ ደግሞ እርጅናዬ መስሎኝ ተሸብሬ ነበር!"

ማጉያው ይህንንም አሰማ። ሜዳው ሳቀ። በየቤቱ ሬዲዮ ዙሪያ ያለውም ሳቀ። ያ ጸጥታ ተሰብሮ ሰው መተንፈስ ጀመረ።

የበዓሉ መሪ ቢላውን ይዞ "እንግዲህ እንቁረጠውና..." ሲል፣ እሷ በአክብሮት እጇን ዘረጋች። "ጌታዬ፣ ይመልሱት። እኛ ቤት ቢላ የሚነካው የተበላሸ እህል ነው። በክፉው ጊዜ ብዙ ቀደድን። ይሄ ግን ጤነኛ ነው፤ ይሄ የለመንነው ነው።"

"እውነቷን ነው" አሉ አዛውንቱ። "በእጅ ተዘርቷል፣ በእጅ ይከፈት።"

መሪው ቢላውን ወደ ኋላው ደበቀ፤ ልክ እንደተቆጡት ልጅ። እሱም ፈገግ አለ።

ተንበረከከች። ጉቶው ከጥፍሯ አይበልጥም፣ ጣቷ አይዘውም። ጥርሷን አስጠጋች። ያቺ ጎድጓዳ ክሩን ራሷ ፈልጋ አገኘችው፤ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ ገባ። እየሳበች፣ እያላላች፣ ምላሷ ላይ ያ የደረቅ ሣር ጣዕም እየመጣ፣ በልቧ "ጌታዬ፣ በእጄ ብዬህ ነበር፤ ጥርሴንም ጨምሬበታለሁ፣ ተቀበለኝ" አለች። ቋጠሮው የእሷ ቋጠሮ ነው፣ ገደል ያልፈታው ቋጠሮ፣ ዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ትንሽ ሰጠ። ከዚያ የታሰረው ቀለበት አፉን ከፈተ። በጣቷ ክሩን መዘዝ መዘዝ አድርጋ ጭራውን አስረዘመችውና ለአዛውንቱ አቀበለች።

"ይሳቡ አባባ።"

"አብረን ነው እንጂ" አሉና እጇን ከእጃቸው ጋር ያዙት።

ሳቡ።

ትርርርርርር አለ። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ሳይያዝ፣ ያ የተመዘነ የሚመስለው ስፌት ሁሉ ተተረተረ። የጆንያው አፍ ተከፈተ። አዛውንቱ በጉልበታቸው ገፋ ሲያደርጉት ስንዴው ወርቃማ ሆኖ፣ ሻሻሻ እያለ፣ መድረኩ ላይ ፈሰሰ፤ የድምፅ ማጉያው ያንን ድምፅ ተቀብሎ ዝናብ አስመሰለው።

"ተመስገን!"

ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሜዳው ሙሉ አለ። ጋጋሪዎቹ አሉ፣ ነርሶቹ አሉ፣ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ከፍ አድርገው አሉ። በአውቶቡስ መናኸሪያ ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ አሉ። በሆስፒታል መስኮት ሕሙማን አሉ። በየመንደሩ፣ በየአውድማው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥቡት እጃቸው አረፋ እንደያዘ አሉ። አንድ አገር አንድ ጉሮሮ ኖሮት ነበር። አማቷ ዱካቸው ላይ ቆመው (ያ ረጅም ሰውዬ ኮፍያውን ማውለቅ ብቻ ሳይሆን ደግፏቸዋል) "ተመስገን! ምራቴ ናት! ተመስገን!" ይላሉ። ጋሼ ሚዛን ያለቅሳሉ፣ ቀልደኛው ተሸካሚ ቀልድ ጠፍቶበት እሱም ያለቅሳል።

እሷ ሙሉውን ሲባጎ፣ አንድ ቦታ ሳይቆረጥ፣ በእጇ ይዛ ቆማለች። "ተመስገን" አለች፤ እንደዚያ ጊዜ ድምጿ ጠርቶላት አያውቅም። ታስሮ የነበረው ተፈታ። ሕዝቡ ሥራውን አቁሞ ምስጋናውን ሰጠ፣ እሷም የራሷን ምስጋና በመሀሉ ሰጠች።

ከበዓሉ በኋላ ሰፈር መግባት ፈተና ሆነባት። ባሏ ፀጉር የሚቆርጠውን ሰው ሁሉ "ያየሃት ጥርስ የሚስቴ ናት" እያለ ሥራ አስፈታ። አማቷ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ እያንዳንዱ ጊዜ ቋጠሮው እየጠነከረ ሄደ፤ አሁን በሳቸው አተራረክ በሬ ቢጎትተውም የማይፈታ ሆኗል። ልጅቷ ደግሞ መስታወት ፊት ቆማ የፊት ጥርሷን በጣቷ እየዳሰሰች "የኔ ጎድጓዳ መቼ ነው የሚመጣው?" ትላለች።

"አንቺ ትማሪያለሽ፣ ያንቺ ጎድጓዳ ጣትሽ ላይ ከብዕር ይመጣል" ትላታለች እናቷ።

ያንን ሲባጎ ቤት ውስጥ እንስቀለው ያሉ ነበሩ። እሷ አልተስማማችም፤ ደህና ክር ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? ከበዓሉ በኋላ ሥራ በገባችበት በመጀመሪያው ቀን መርፌዋ ላይ አስገባችውና ሩቅ አገር የሚሄድ የዘር ስንዴ ጆንያ ሰፋችበት። ጨርሳ አዞረች፣ አሾለከች፣ ጠበቅ አደረገች፣ ነከሰች። የመንገድ ቋጠሮዋን አልተወችም። መንገድ መንገድ ነው።

እንግዲህ ያ ጆንያ፣ ወይም ከእሱ ቀጥሎ የሰፋችው፣ አንድ ቀን ከናንተ ደጅ ይደርስ ይሆናል። ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ትለምናችኋለች። ቢላ አታንሱ። ስፌቱ ያለቀበትን ጫፍ ፈልጉ፣ ቋጠሮውን በጥፍርም በጥርስም ብላችሁ አላሉት፣ ትንሽ ታገሱት፤ ከላላ በኋላ አንዴ ስባችሁ ተዉት፣ እሱ ራሱ ይተረተርላችኋል። ክሩን አትጣሉት። እህሉም መፍሰስ ሲጀምር፣ ብቻችሁን ብትሆኑም፣ "ተመስገን" በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉት ትላለች፤ መጋዘኑ ውስጥ ሞተር ስለማይጠፋ፣ በቀስታ ካላችሁት ላትሰማችሁ ትችላለች።